ሁለት ሚሊ ሜትር እና 310 ኩንታል አየር

ከቆቦ ተነስቶ በሮቢትና በጎብዬ አድርጎ ወልድያ የሚገባው አስፋልት 50 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። አንድ ቦክሰር ሞተር ሳይክል ይህን መንገድ ሲጨርስ የኋላ ጎማው ወደ 27,800 ጊዜ ይዞራል። ጎማው ላይ የታሰረው ጥርሳም ብረት 42 ጥርስ ካለው፣ ካቴናው በጥርሶቹ ላይ የተቀመጠውና የተነሳው ከ1,166,000 ጊዜ በላይ ነው። ብረት ብረትን ይጨብጣል፣ ይጎትታል፣ ይለቃል፤ ይህ ሁሉ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ሲደጋገም ነጂው የሚሰማው አንድ ወጥ ድምፅ ብቻ ነው። ቆቦ በምትገኝበት በራያ ቆላ ሜዳው ረጅም፣ አስፋልቱም ቀጥ ያለ ስለሆነ «ሞተሬ እንዲሮጥልኝ ጥርስ ላስቀይር?» የሚል ወጣት አይጠፋም። ጥያቄው አጭር ነው። መልሱ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ግን ትልልቅ ናቸው።

በመጀመሪያ ዕቃዎቹን ቀረብ ብለን እንያቸው። የካቴናው መሸፈኛ ሲፈታ ሁለት ጥርሳም ክቦች ይታያሉ። ከሞተሩ በሚወጣው ዘንግ ላይ ያለችው ትንሿ መዳፍ ውስጥ ትገባለች፤ ኋላ ጎማው ላይ ያለው ትልቁ ስፋቱ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሞተር በተለመደው፣ 428 በሚባለው ካቴና ላይ ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚህ አይበልጥም፣ አያንስም። ስለዚህ የጥርሳሙን ክብ ስፋት የሚወስነው የጥርሱ ብዛት ነው። እዚህ ፊት 14፣ ኋላ 42 ጥርስ ይዤ አሰላለሁ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የተወሰደ ነው፤ የራሱ ሞተር ሌላ ጥርስ ያለው ሰው ቆጥሮ በቦታው ይተካ።

በ14 ጥርስ የፊተኛው ክብ ስፋት ካቴናው በሚያርፍበት መስመር ሲለካ 57 ሚሊ ሜትር ነው። በ15 ጥርስ 61 ይሆናል። ከመሀል እስከ ጠርዝ ሲለካ ልዩነቱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሁለቱን ብረቶች ጎን ለጎን ይዞ ለሚያያቸው ሰው የትኛው የቱ እንደሆነ ለመለየት ጥርስ መቁጠር ሳያስፈልገው አይቀርም። ይህች 2 ሚሊ ሜትር ግን የሞተሩንና የጎማውን ሒሳብ በ7 ከመቶ ትለውጠዋለች። በ14 ጥርስ ትንሿ 3 ጊዜ ስትዞር ጎማው 1 ጊዜ ይዞራል፤ በ15 ጥርስ 2.8 ጊዜ ብቻ መዞር ይበቃታል። ወፍጮ ቤት ውስጥ በሞተሩና በድንጋዩ መካከል ያለውን ቺንጋ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የሞተሩ ተሽከርካሪ ክብ ሲሰፋ ድንጋዩ ይፈጥናል፣ ሞተሩ ግን እህሉ ሲበዛበት ቶሎ ያቃስታል።

አሁን ወደ ሞተሩ ውስጥ እንግባ፤ እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ እዚያ ያለው ነው። ቦክሰር 150 የሚባለው ሞተር ትክክለኛ መጠኑ 144.8 ሲሲ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 56 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ የሚወጣበትና የሚወርድበት ርቀት 58.8 ሚሊ ሜትር ነው። በመጨረሻው ማርሽ ትንሿ ጥርስ 1 ጊዜ ስትዞር ሞተሩ 3 ጊዜ ይዞራል ብንል፣ ጎማው 1 ጊዜ ሲዞር ሞተሩ 9 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ጎማው በ1 ዙር የሚሸፍነው 1.8 ሜትር ያህል ስለሆነ ከቆቦ ወልድያ ሞተሩ 250,000 ጊዜ ዞሯል። ፒስተኑ በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ወጥቶ አንዴ ይወርዳል፤ ያ 117.6 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን በ250,000 ሲያባዙት 29.4 ኪሎ ሜትር ይመጣል።

ሞተሩ 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ፒስተኑ ከጣት ርዝመት በማትበልጥ ጉድጓድ ውስጥ ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሄዷል። አንዴም ሳያርፍ፣ እያንዳንዷን 6 ሳንቲ ሜትር የማትሞላ ጉዞ እየጨረሰ፣ እየቆመ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ። ሞተሩ በደቂቃ 7,500 ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ በሰከንድ 250 ጊዜ ይቆማል፣ 250 ጊዜም እንደገና ይነሳል። ቤንዚኑ የሚፈነዳው በየሁለት ዙሩ አንዴ በመሆኑ በዚያው ሰከንድ ውስጥ 62 ፍንዳታ አለ። መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ቢሆን፣ ማለትም 570 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ፒስተኑ ብቻውን 335 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ፍንዳታውም 1,425,000 ይሆናል። ዳገት ላይ ማርሽ ስለሚወርድ እውነተኛው ቁጥር ከዚህም ይበልጣል።

15 ጥርስ ሲገባ ምን ይቀንሳል? ከቆቦ ወልድያ 16,667 የሞተር ዙር ይቀራል። ፒስተኑ 2 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይቀንስለታል። እስከ አዲስ አበባ ከተቆጠረ ደግሞ 190,000 ዙርና 95,000 ፍንዳታ ይቀራል። አንዲት ጥርስ ናት ይህን ያደረገችው። በደርዝ ሲነዳ የጥርስ ለውጥ እውነተኛ ጥቅሙም ይህ ይመስለኛል። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሜዳው ላይ የሚሄድ ሞተር በ14 ጥርስ በደቂቃ 5,833 ጊዜ ሲዞር በ15 ጥርስ 5,444 ጊዜ ይዞራል፤ ድምፁ ይለዝባል፣ መሪውን የጨበጠ እጅ ላይ የሚደርሰው ንዝረትም ይቀንሳል። ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወጣቱ የጠየቀው ግን ስለ ልዝብ ድምፅ አይደለም፤ ስለ ከፍተኛ ፍጥነት ነው። በወረቀት ላይ መልሱ ያጓጓል። ሞተሩ በደቂቃ 7,500 ሲዞር በ14 ጥርስ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በ15 ጥርስ 96.4 ይሆናል። 6.4 ኪሎ ሜትር ተጨመረ። ችግሩ ያለው ወረቀቱ አየርን ስለማይቆጥር ነው።

አየር ክብደት አለው። የቆቦ ከተማ ከባሕር ወለል 1,470 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ 33 ዲግሪ ሲደርስ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 0.97 ኪሎ ግድም ነው። ሞተር ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ከነሞተሩ ከፊት ሲታይ 0.65 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ይህን በ50 ኪሎ ሜትር ርዝመት ስናባዛው ነጂው ከቆቦ ወልድያ እየገፋ የሚያሳልፈው አየር 32,500 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሲመዘን ከ310 ኩንታል በላይ ነው። ቆቦ ገበያ ላይ ማሽላና ጤፍ የጫነ ሰው 310 ኩንታል ስንት ጆንያ እንደሆነ አይነገረውም። ያን ሁሉ ክብደት የሚገፋው 144.8 ሲሲ ሞተርና የነጂው ደረት ነው።

አየሩ ዝም ብሎ አይገፋም ደግሞ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት 8 እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ 7 ከመቶ ሲጨምር ጉልበቱ 23 ከመቶ ይጨምራል። በቆቦ አየር ላይ ግምቱን እንሥራ። ነጂውና ሞተሩ አብረው 200 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በ90 ፍጥነት አየሩ ብቻ 6.7 ፈረስ ጉልበት ይበላል፤ የጎማው ግጭት 1.3 ይጨምርበታል፤ ድምሩ 8 ነው። በ96.4 ፍጥነት ድምሩ 9.6 ይደርሳል። ሞተሩስ ምን ያህል አለው? ፋብሪካው 12 ፈረስ ጉልበት ይለዋል፤ በቆቦ ከፍታና ሙቀት የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ አንድ አምስተኛው ያህል ይቀንስና 9.5 ይቀራል። ከዚያም በማርሹና በካቴናው ውስጥ ሲያልፍ የሚጠፋው ጠፍቶ መሬት የሚደርሰው 8.3 አካባቢ ነው። 8 ለሚጠይቀው 90 በልኩ ይበቃል፤ 9.6 ለሚጠይቀው 96.4 ግን አይደርስም።

ስለዚህ 15 ጥርስ የገባለት ሞተር በሜዳው ላይ ከፍተኛ ፍጥነቱ 90 አካባቢ ይቆማል፤ ምናልባትም ትንሽ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ወደሚሰጥበት ዙር መድረስ ያቅተዋል። ፋብሪካው ጥርሱን የመረጠው ጉልበቱና አየሩ የሚገናኙበትን ቦታ አይቶ ነው። 96 በእውነት የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው በወረቀት 14 ፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ሞተር ነው፤ እሱ ደግሞ ከመለዋወጫ ሱቅ በጥርስ ዋጋ አይገዛም። ነፋስ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ከገጠመ በ70 የሚሄድ ሞተር አየሩን የሚገጥመው በ90 ነው። በዚያን ጊዜ የረዘመው ጥርስ ሸክም ይሆናል፤ ነጂውም ማርሽ ይቀንሳል፣ ያተረፈው የሞተር ዙርም ይመለስበታል።

አንድ ነገር ለፍትሕ ልጨምር። የቆቦ ስስ አየር ሞተሩን የሚያደክመውን ያህል ራሱም ለመገፋት ይቀላል። ሜዳ ላይ ሁለቱ ይጣጣማሉ ማለት ይቻላል፤ ለዚህ ነው ከፍ ባለ ቦታ ያለ ሞተር ሜዳ ላይ ያን ያህል የማይዘገየው። ዳገት ላይ ግን ምሕረት የለም፤ የሰውና የጭነት ክብደት በከፍታ አይቀንስምና።

ዳገት ደግሞ ከራያ ቆላ ሩቅ አይደለም። ወልድያ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከቆቦ ወደዚያ የሚሄድ ሰው 630 ሜትር ያህል ይወጣል። በሰሜን በኩል ይብሳል፤ አላማጣ 1,520 ሜትር ላይ ናት፣ ኮረም 2,539። በግራ ካሕሱ ዳገት የሚወጣ ሞተር 1,000 ሜትር ከፍታ በመጠማዘዣ ላይ መጨረስ አለበት። ሁለት ሰውና ዕቃ ጭኖ 280 ኪሎ ከሆነ፣ ከአላማጣ ኮረም የሚያነሳው ክብደት 280 ኪሎ ብረት ከጥልቅ ጉድጓድ 1 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ በገመድ ከመሳብ ጋር እኩል ሥራ ነው። በመጨረሻው ማርሽ ሞተሩ ጎማውን መሬት ላይ የሚገፋበት ኃይል በ14 ጥርስ 28 ኪሎ ያህል ነው፤ በ15 ጥርስ ወደ 26 ይወርዳል። ሁለት ኪሎ ትንሽ ትመስላለች። 7 ከመቶ ተዳፋት ባለው መንገድ ላይ ለዚህ ጭነት ዳገቱ ብቻ የሚጠይቀው ግን 19.6 ኪሎ ነው፤ ከዚያ ላይ አየሩና ጎማው የራሳቸውን ይወስዳሉ። ኮረም ለሚመላለስ ሰው ከ14 ወደ 13 መውረድ ይሻለዋል እላለሁ። በ13 ጥርስ ግፊቱ 30 ኪሎ ይሆናል፤ በ7,500 ዙር የሚደርስበት ፍጥነት 83.6 ነው፤ ግራ ካሕሱ ላይ ደግሞ 83 የሚነዳ ሰው እንዳይኖር እመኛለሁ።

የቆቦን ጎዳና የሞላው ባጃጅ ከዚህ ጥያቄ ውጪ ነው። ካቴና የለውም፤ ማርሹና ዲፈረንሻሉ ከሞተሩ ጋር አንድ ላይ የታሠሩ ናቸው። 8 ኢንች የሆነች ትንሽ ጎማው በ1 ዙር 1.3 ሜትር ብቻ ስለምትሸፍን ከቆቦ ወልድያ 38,000 ጊዜ በላይ መዞር አለባት። ባለ አራት ጎማ ሞተር ግን፣ በሌላው ዓለም ለእርሻና ለአሸዋ የሚነዳው፣ ብዙውን ጊዜ ካቴና አለው፤ ጥርሱን ቀይሮ አስፋልት ላይ ማስሮጥ የሚፈልግ ሰውም በየአገሩ አለ። ለእርሱ የሚነገረው ቁጥር ሌላ ነው። ለእሽቅድምድም የተሠሩት ባለ አራት ጎማዎች የኋላ ጎማዎቻቸው በአንድ ዘንግ ላይ ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 1 ሜትር ካለ፣ ሙሉ ክብ ሲዞሩ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው 6.28 ሜትር የበለጠ መሄድ አለበት፤ ክቡ ትንሽም ይሁን ትልቅ ልዩነቱ ያው ነው። አሸዋ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ይከፍላል፤ አስፋልት ግን ይዞ አይለቅም። ጎማዎቹም ለለስላሳ መሬት የተሠሩ ናቸው፤ የሞተር ሳይክል ጎማ 30 ገደማ ፒኤስአይ ሲነፋ የእነርሱ 5 ገደማ ይበቃዋል። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው አስፋልት ላይ አትንዱ ብለው ማስጠንቀቂያ የሚለጥፉት ለዚህ ነው። በእንዲህ ያለ ተሽከርካሪ ላይ ለፍጥነት ሲባል ጥርስ መጨመርን አልደግፍም።

ወደ ቆላው መንገድ እንመለስ፤ ምክንያቱም ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ነገር አለ። ነጂው አደጋውን አይቶ እጁ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ 1 ሰከንድ ይፈጃል እንበል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ፍሬን ይዟል እንበል። በ60 የሚሄደው በ40 ሜትር ይቆማል። በ90 የሚሄደው 77 ሜትር ይፈልጋል። ቁልቁለት ላይ ወይም ከኋላ በሚገፋ ነፋስ 96.4 የደረሰ ሰው ደግሞ 87 ሜትር። አንዲቷ ጥርስ የጨመረችው ርቀት 10 ሜትር ሆነ። የራያ ማሽላ ሲያድግ ከሰው ቁመት እጅግ ያልፋል፤ ከመንገዱ ዳር ምን እንደቆመ አያሳይም። ከዞብል ተራራ በኩል፣ ከአፋር አቅጣጫ የሚመጣ ግመል ክብደቱ ከ400 ኪሎ በላይ ነው፤ እግሩ ረጅም በመሆኑ ሰውነቱ ያለው ሞተር ላይ በተቀመጠ ሰው ደረትና ራስ ትክክል ነው። ከግመሉ ኋላም ብዙውን ጊዜ አንድ ልጅ አለ።

በዚያ ሁሉ ምትክ የሚገኘው ጊዜ ምን ያህል ነው? ከቆቦ ወልድያ ሳያቋርጥ በ90 የሄደ ሰው በ33 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይደርሳል። በ96.4 የሄደው በ31 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ሁለት ደቂቃ ከ13 ሰከንድ። ለዚህ ብሎ ሕይወቱን የሚያስይዝ ሰው ዋጋውን ቆጥሮ አያውቅም ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ ሰምቶም ለልዝብ ጉዞ ሲል ጥርስ የሚቀይር ሰው ካለ ጥቂት ነገር ይወቅ። ፊት አንድ ጥርስ መጨመርና ኋላ ሦስት ጥርስ መቀነስ ውጤታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ 42 በ15 ሲካፈል 2.80፣ 39 በ14 ሲካፈል 2.79 ነው። የፊቱ በዋጋም በሥራም ይቀላል። ትልቅ ክብ ካቴናውን ብዙ ስለማያጥፈውም ለዕድሜው ይሻላል፤ በ14 ጥርስ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ 25.7 ዲግሪ ሲታጠፍ በ15 ጥርስ 24 ዲግሪ ብቻ ይታጠፋል፤ ያ እጥፋት በመቶ ሺህዎች የሚደጋገም ነው። ግን ከመግዛት በፊት አዲሱ ጥርስ ከነካቴናው ከሞተሩ ግድግዳና ከመሸፈኛው ጋር እንደማይነካካ ይታይ። አንድ ጥርስ ሲጨመር ካቴናው 6.35 ሚሊ ሜትር ይጠይቃል፤ ስለዚህ የኋላ ጎማው ወደ ፊት 3.2 ሚሊ ሜትር ያህል መጠጋት አለበት። ማስተካከያው ቦታ ከሌለው ካቴናው ተወጥሮ ይገባና የዘንጉን ኩሽኔታ ይጨርሳል። ያለቀ ካቴና ላይ አዲስ ጥርስ መግጠምም ገንዘብ መጣል ነው፤ የቆላው አቧራ ከዘይት ጋር ተለውሶ ፒኖቹን እየፈገፈገ ካቴናውን 2 ከመቶ ካስረዘመው፣ በ1.5 ሜትር ካቴና ላይ ያ 30 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌውን ጥርስ በጣት ዳሰስ ማድረግ ይበቃል፤ ጫፎቹ ወደ አንድ ጎን ከተጎነበሱ የፊቱ ጥርስ፣ የኋላው ጥርስና ካቴናው ሦስቱም አብረው ይቀየሩ።

ፍጥነት መቁጠሪያው ሽቦው ከፊት ጎማ የሚነሳ ከሆነ ጥርስ ቢቀየርም እውነቱን ይናገራል። ከማርሽ ሳጥኑ የሚነሳ ከሆነ ግን 15 ጥርስ ሲገባ 90 ብሎ ያሳያል፣ ሞተሩ ግን 96 እየሄደ ነው።

አዲሱ ጥርስ ለሞተሩ መርዘም አለመርዘሙ የሚታወቀው ባዶ በሆነ ሜዳ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ነው። ሞተሩ በመጨረሻው ማርሽ በ60 ሲሄድ ነዳጁን ሙሉ ሰጥቶ ማየት ነው። ፍጥነቱ ሳያመነታ ወደ 70 ከወጣ ጥርሱ ተስማምቶታል። እያቃሰተ ካዘገመ፣ ወይም ከታች ባለው ማርሽ ቶሎ ከወጣ፣ 15ቱ ይውጣና 14ቱ ይመለስ።